የቺፉ ወንበር፦ የቅኝ አገዛዝ ውርስ በኬንያ የአካባቢ አስተዳደር



 የዛሬው ንግግሬ ስለ ጎረቤታችን ስለ ኬንያ ነው። አንድ አገር ከቅኝ አገዛዝ ነጻ ሲወጣ ሰንደቅ ዓላማው ይለወጣል፤ መዝሙሩ ይለወጣል፤ በመዲናው ቤተ መንግሥት የሚቀመጠውም ሰው ይለወጣል። ከመዲናው ርቆ የሚኖረው ገበሬ ወይም አርብቶ አደር ግን መንግሥትን የሚያውቀው በቤተ መንግሥቱ በኩል አይደለም። የሚያውቀው ለመታወቂያ ወረቀት ምስክርነት በሚሰጠው፣ በቤት የተወለደውንና የሞተውን በሚመዘግበው፣ የጎረቤት ጠብ በሚሰማው፣ ሕዝቡን ለስብሰባ በሚጠራው የአካባቢ ሹም በኩል ነው። በኬንያ ይህ ሹም «ቺፍ» ይባላል። ዛሬ ልመልሰው የምሞክረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ነጻነት ሲመጣ የዚህ ሹም ወንበር ምን ያህል ተለወጠ?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ቅኝ አገዛዝ ለኬንያ የአካባቢ አስተዳደር ያወረሰው ዋናው ነገር የወሰን መስመር፣ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ወይም የሕግ መጽሐፍ አይደለም። ዋናው ውርስ የተጠያቂነት አቅጣጫ ነው፤ ሹሙ ፊቱን ወደ ሾመው አካል እንጂ ወደሚያስተዳድረው ሕዝብ እንዳያዞር ተደርጎ መቀረጹ ነው። ነጻነት በመሰላሉ ጫፍ የተቀመጠውን ሰው ለወጠ፤ መሰላሉን ግን አላነሳም። ከዚያ በኋላ የመጡት ማሻሻያዎችም በአሮጌው መሰላል ጎን አዲስ መሰላል ከማቆም አላለፉም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሻው ልጀምር። ብሪታንያ በ1895 የምሥራቅ አፍሪካ ጥበቃ ግዛትን ስታውጅ፣ በዛሬዋ ኬንያ ምድር ከነበሩት ሕዝቦች አብዛኞቹ በአንድ አለቃ የሚገዙ አልነበሩም። በኪኩዩ ዘንድ ነገር የሚቆርጠው «ኪያማ» የተባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ነበር፤ ሥልጣንም በዕድሜ እርከን ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፍ ነበር። በምዕራብ በኩል እንደ ዋንጋ ያለ ንጉሣዊ ሥርዓት ቢኖርም እሱ የተለየ ነበር እንጂ የተለመደ አልነበረም። እንግሊዞች ግን ከሸንጎ ጋር መሥራት አልፈለጉም። ሸንጎ ይመክራል፣ ይዘገያል፣ እምቢም ይላል። የሚፈልጉት በስሙ የሚጠሩት፣ ሲያጠፋ የሚሽሩት አንድ ሰው ነበር። ስለዚህ በሌለበት ቦታ ቺፍ ፈጠሩ። ከመጀመሪያዎቹ የኪኩዩ ቺፎች ስሙ የገነነው ኪንያንጁይ ዋ ጋቲሪሙ ወደ ሹመት የመጣው ከነገሥታት ዘር ተወልዶ አይደለም፤ የብሪታንያውን ኩባንያ ተጓዦች መንገድ በመምራት ያገለገለ ሰው ነበር። በምዕራብ ደግሞ የዋንጋው ሙሚያ ሰዎች ከዚያ በፊት የዋንጋን ንጉሥ በማያውቁ የሉህያ አካባቢዎች ላይ ጭምር ተሾሙ።

ይህ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱ ገንዘብና ጉልበት ነው። ከሞምባሳ ተነሥቶ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ብዙ ወጪ አስወጥቷል። ወጪውን ለመመለስ መሬቱ ለነጭ ሰፋሪዎች ተሰጠ፤ ሰፋሪዎቹ ደግሞ ሠራተኛ ጠየቁ። የጎጆ ግብር ተጣለ፤ በ1910 የነፍስ ወከፍ ግብር ተጨመረ። ግብሩ በገንዘብ እንዲከፈል መጠየቁ ጎልማሳውን ወደ ሰፋሪው እርሻ የሚገፋ መሣሪያ ነበር። ግብሩን ቤት ለቤት የሚቆጥር፣ የሚሰበስብና እምቢተኛውን የሚጠቁም ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያም ሰው ቺፉ ሆነ።

ሕጎቹን በቅደም ተከተል ስናያቸው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በ1902 የወጣው የመንደር አለቆች ድንጋጌ ሹሙን የጸጥታ፣ የመንገድ ጥገናና የጥቃቅን ክርክሮች ኃላፊ አደረገው። በ1912 የወጣው ድንጋጌ ሥልጣኑን አሰፋ፤ ቺፉ ሰዎችን ለሕዝባዊ ሥራ ማዘዝ፣ የመጠጥ ጠመቃንና የጦር መሣሪያ መያዝን መቆጣጠር ቻለ። በ1919 አገረ ገዢው ኖርዚ ባወጣው መመሪያ ቺፎች ወጣቶችን ወደ ሰፋሪዎች እርሻ «እንዲያበረታቱ» ታዘዙ። ማበረታታት ማለት ምን እንደሆነ የተረዳው ግን በግድ የተወሰደው ወጣት ነበር። በዚያው ሰሞን «ኪፓንዴ» የተባለው የሥራና የጣት አሻራ መታወቂያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ በብረት መያዣ አድርጎ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥለው ተገደደ። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ቺፉ ለሕዝቡ ስላለበት ግዴታ የሚናገር አንቀጽ ብንፈልግ ድካማችን ከንቱ ነው። ደሞዙ ከላይ ይመጣል፤ ሽልማቱ ከላይ ይመጣል፤ ስንብቱም ከላይ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ላቅርብ። ቅኝ ገዢው የተመረጠ የአካባቢ አስተዳደር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። በ1928 ለሰፋሪዎቹ አካባቢ በወጣው ሕግ ነጮቹ የራሳቸውን የወረዳ ምክር ቤት እየመረጡ መንገዳቸውንና በጀታቸውን ማስተዳደር ጀመሩ። ለአፍሪካውያን በ1924 የተፈቀደው «የአገሬው ተወላጆች ምክር ቤት» ግን በሰብሳቢነት የሚመራው በእንግሊዛዊው የወረዳ ኮሚሽነር ነበር፤ ከአባላቱም ብዙዎቹ ቺፎች ነበሩ። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንግሥት ሥር ሁለት ዓይነት የአካባቢ አስተዳደር ቆመ። አንደኛው ለዜጋ፣ ሌላው ለተገዢ። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ እነዚያ የተወላጆች ምክር ቤቶች ከሕዝቡ መዋጮ ሰብስበው ትምህርት ቤት አሠርተዋል፤ ሕዝቡ ዕድል ባገኘ ጊዜ የአካባቢውን ልማት በገንዘቡ ለመደገፍ ዝግጁ እንደነበረ ይህ ይመሰክራል። የጎደለው ፈቃደኝነት አልነበረም፤ ሥልጣን ነበር።

ኡጋንዳዊው ምሁር ማሕሙድ ማምዳኒ በ1996 ባሳተመው «ዜጋና ተገዢ» በተባለው መጽሐፉ ይህን ዓይነቱን አገዛዝ ያልተማከለ አምባገነንነት ብሎ ይገልጸዋል፤ ዳኝነቱ፣ አስፈጻሚነቱና ደንብ አውጪነቱ በአንድ የአካባቢ ሹም እጅ የሚጨበጥበት ሥርዓት ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባላችን የሚናገረው በሩቅ ስለሚኖር ንጉሥ ነው። በኬንያ ግን የማይከሰሰው ሰው በጎረቤት ይኖር ነበር።

ሕዝቡም ይህን ያውቅ ነበር። ሃሪ ቱኩ በ1922 በታሰረ ጊዜ የተነሣው ተቃውሞ ግብርን፣ ኪፓንዴንና ቺፎች ለግዳጅ ሥራ የሚያደርጉትን ምልመላ አንድ ላይ የሚኮንን ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1952፣ ታላቁ ቺፍ ዋሩሂዩ ተገደለ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በማው ማው ዓመታት ቺፎችና በእነሱ ሥር የተደራጁት የመንደር ጠባቂዎች ከቅኝ ገዢው ጎን ቆሙ፤ የኪኩዩ ገጠር ሕዝብም ከ1954 ጀምሮ በአጥር በተከበቡ መንደሮች እንዲሰፍር ተደረገ። ይህ ጦርነት ብዙ ጊዜ የሚተረከው በነጭና በጥቁር መካከል እንደተካሄደ ብቻ ተደርጎ ነው። በአካባቢ ደረጃ ግን ጥያቄው ሌላ ነበር፦ በመንደራችን ማን ያዝዛል? በማንስ ስም?

ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ኬንያ ነጻ ስትወጣ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። «ማጂምቦ» በመባል የሚታወቀው ሕገ መንግሥት አገሪቱን ምክር ቤት ባላቸው ሰባት ክልሎች ከፈላት። ይህ ሥርዓት ዕድሜ አላገኘም። ተቃዋሚው ካዱ ፓርቲ በኅዳር 1964 ከገዢው ካኑ ጋር ተዋሐደ፤ አገሪቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሪፐብሊክ ሆነች፤ የክልሎቹም ሥልጣን በተከታታይ ማሻሻያዎች ተገፈፈ። በምትኩ የተመለሰው አሮጌው መሰላል ነበር፦ የክፍለ ሀገር ኮሚሽነር፣ የወረዳ ኮሚሽነር፣ የወረዳ ሹም፣ ቺፍ፣ ረዳት ቺፍ። ልዩነቱ ሁሉም አፍሪካውያን መሆናቸውና ሪፖርታቸው ለእንግሊዛዊው አገረ ገዢ መሆኑ ቀርቶ ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ መሆኑ ነበር። ጆሞ ኬንያታ በዚያው ሥርዓት የታሰሩ ሰው ነበሩ፤ የመሰላሉን ጥንካሬ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። አዲስ መንግሥት፣ ገና ያልጸና ሥልጣን፣ የተከፋፈለ ፓርቲ ባለበት ሁኔታ ከላይ የታዘዘውን በፍጥነት ወደ ታች የሚያደርስ መሣሪያ በእጅ ሲገኝ መጣል ከባድ ነው።

የተመረጡት ምክር ቤቶችስ? በስም ነበሩ። የካውንቲ ምክር ቤቶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን፣ ጤናንና መንገድን ያስተዳድሩ ነበር፤ የገንዘብ አቅማቸው ግን ደካማ ነበር። በ1969 በወጣው ሕግ እነዚህ ሦስት ታላላቅ ተግባራት ከነገቢያቸው ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተወሰዱ። ለምክር ቤቶቹ የቀረላቸው ገበያ፣ ቄራና የመሳሰለው ነበር። አንድን ምክር ቤት በአዋጅ ማፍረስ አያስፈልግም፤ ሰው የሚፈልገውን ነገር ሁሉ ከእጁ ማውጣት ይበቃል። መራጩ ትምህርት ቤት የማይከፍት፣ ክሊኒክ የማያቆም ምክር ቤት ጋ ለምን ይሄዳል? ወደ ቺፉ ይሄዳል እንጂ።

በፕሬዚዳንት ሞይ ዘመን መሰላሉ ይበልጥ ጠነከረ። በ1983 የተጀመረው የወረዳ ልማት ፖሊሲ ዕቅድን ወደ ሕዝቡ ለማቅረብ የታሰበ ነው ቢባልም የልማት ኮሚቴው ሰብሳቢ የወረዳው ኮሚሽነር ነበር። በዚያው ዓመት የናይሮቢ ከተማ ምክር ቤት ተበትኖ በተሾመ ኮሚሽን ተተካ። በ1988 ደግሞ መራጩ ከዕጩው ፎቶግራፍ ጀርባ ተሰልፎ እንዲቆጠር ሲደረግ፣ ቆጣሪዎቹና ውጤት አብሳሪዎቹ እነዚሁ የመንግሥት አስተዳዳሪዎች ነበሩ። ሕዝባዊ ስብሰባ ለማድረግ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነበር፤ «ባራዛ» የሚባለው የቺፉ ስብሰባ ግን ያለ ማንም ፈቃድ ይጠራል፤ ሕዝቡም ይቀርባል። የቺፎችን ሥልጣን የሚወስነው ሕግና የስብሰባ ፈቃድ ሥርዓት የተሻሻሉት በ1997፣ ተቃዋሚዎች ባደረጉት ግፊት ነው። ነጻነት ከታወጀ 34 ዓመት አልፎት ነበር።

ውርሱ ከሁሉ የከፋው በሰሜን ነው፤ ይህም እኛን በቅርብ ይመለከተናል። በሞያሌ በኩል ድንበሩ የቦረናን ሕዝብ ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ቅኝ ገዢው የኬንያን ሰሜን እንደ ግንብ አጥር ነበር የሚያየው። በ1902 እና በ1934 በወጡ ድንጋጌዎች አካባቢው ዝግ ሆነ፤ ያለ ፈቃድ መግባትና መውጣት ተከለከለ፤ አንድ ሰው ላጠፋው ጥፋት ጎሳውን በሙሉ መቅጣት ተፈቀደ። እነዚህ ሕጎች ከነጻነት በኋላም ለአሥርት ዓመታት ቆዩ። በ1963 መጨረሻ የተጣለው የአስቸኳይ ጊዜ ሥርዓት እስከ 1991 አልተነሳም፤ በ1970 የወጣ ሕግ ደግሞ የጸጥታ ሠራተኞች በሺፍታው ጦርነት ዓመታት ለፈጸሙት ድርጊት እንዳይከሰሱ ከለላ ሰጠ። በየካቲት 1984 በዋጂር አቅራቢያ ባለው የዋጋላ አውሮፕላን ማረፊያ የተሰበሰቡ የደጎዲያ ወንዶች በጸጥታ ኃይሎች ተገደሉ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዚያ ወረዳ «ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ሊጠይቅ የሚችል፣ ሕዝቡ የመረጠው፣ ሥልጣን ያለው አካል አልነበረም። የተጠያቂነት አቅጣጫ ስል የማወራው በመጽሐፍ ላይ ስላለ ጽንሰ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ነገር ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ልለፈው አልችልም። «ነጻነት ከመጣ 60 ዓመት አልፏል፤ እስከ መቼ ቅኝ ገዢውን ትከሳላችሁ?» ይባላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ጎረቤቷ ታንጋኒካ ከዚያው የብሪታንያ አገዛዝ ወጥታ በ1963 የቺፎችን ሥልጣን በሕግ ሰርዛለች። ስለዚህ ውርስ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ የሚቀበሉት ወይም የሚመልሱት ነገር ነው። ነገር ግን የታንዛኒያ ታሪክ በዚህ አያበቃም። ቺፎቹን የሻረው መንግሥት በ1972 የተመረጡትን የወረዳ ምክር ቤቶች አፍርሶ ሥራቸውን ከማዕከል ለሚላኩ ሹማምንት ሰጠ፤ ምክር ቤቶቹ የተመለሱት በ1980ዎቹ ነው። የሹሙ ማዕረግ ሲሰረዝ የሹመቱ አቅጣጫ አብሮ አይሰረዝም ማለት ነው። ከዚህ የምረዳው ቅኝ አገዛዝ አዲሶቹን መንግሥታት እንዳላስገደዳቸው ነው። የተዘጋጀ መሣሪያ ትቶላቸው ሄደ፤ መሣሪያውም ጠቀማቸው። ውርስ የሚኖረው ጠባቂ ስላለው ነው።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ከ1,100 በላይ ሰዎች ያለቁበት ግጭት ኬንያውያንን ወደ አዲስ ሕገ መንግሥት አደረሳቸው፤ ነሐሴ 27 ቀን 2010 ጸደቀ። በመጋቢት 2013 ምርጫ 47 ካውንቲዎች የየራሳቸውን አገረ ገዢና ምክር ቤት መረጡ። ከብሔራዊው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶ ለካውንቲዎቹ እንዲከፈል በሕገ መንግሥቱ ተደነገገ፤ ወደ ኋላ ለቀሩት አካባቢዎችም ከገቢው ግማሽ በመቶ የሚመደብለት የማመጣጠኛ ፈንድ ተቋቋመ። ሰሜኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ሐኪም ቤትና መንገድ የሚያቅድ የተመረጠ አስተዳደር አገኘ። በ2014 የእምቡ ካውንቲ ምክር ቤት አገረ ገዢውን ለመሻር ድምፅ ሰጠ፤ ፍርድ ቤት ውሳኔውን በኋላ ቢሽረውም አንድ የአካባቢ ገዢ በአካባቢው ሸንጎ ፊት መልስ ሰጪ ሆኖ መቅረቡ በኬንያ ታሪክ አዲስ ነገር ነበር። ይህን ለውጥ አሳንሶ ማየት ስሕተት ነው።

ይሁን እንጂ አሮጌው መሰላል አልተነሳም። ሕገ መንግሥቱ የክፍለ ሀገር አስተዳደሩ በአምስት ዓመት ውስጥ ካልተማከለው ሥርዓት ጋር እንዲጣጣም ተደርጎ ይዋቀር አለ እንጂ ይፍረስ አላለም። በ2013 የወጣው ሕግ ስሞቹን ለወጠ፤ የወረዳው ኮሚሽነር ምክትል የካውንቲ ኮሚሽነር ሆነ፤ ቺፉና ረዳት ቺፉ በቦታቸው ቀሩ። የ47ቱ ካውንቲዎች ወሰን ራሱ በ1992 ሕግ የታወቁት የቀድሞ ወረዳዎች ወሰን ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በቅኝ ግዛት ዘመን የተሰመሩ ናቸው። ዛሬ በአንድ ካውንቲ ውስጥ አንዱ የሕዝብ ድምፅ፣ ሌላው የፕሬዚዳንቱን ሹመት የያዙ ሁለት ባለሥልጣናት ይገኛሉ። ጤናው የመጀመሪያው ነው፤ ጸጥታው የሁለተኛው ነው። ከብት ሲዘረፍ ወይም ሰው ሲገደል ሕዝቡ የመረጠውን አገረ ገዢ ይጠይቃል፤ አገረ ገዢው ግን ፖሊሱን አያዝም።

ከዚህም የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የካውንቲ መንግሥታት ሕግ በየንዑስ ካውንቲው፣ በየቀበሌውና በየመንደሩ አስተዳዳሪ እንዲኖር ይደነግጋል፤ እነዚህ አስተዳዳሪዎች በሹመት እንጂ በአካባቢው ሕዝብ ምርጫ አይመጡም። አዲሱ አስተዳደር ወደ መንደር ለመድረስ ሲያስብ እጁ ላይ የመጣለት ቅርጽ ያው የሚያውቀው ቅርጽ ሆነ፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መሰላል። ይህን ማንም እንግሊዛዊ አላዘዘም። የቅኝ አገዛዝ ውርስ ጥልቀቱ የሚለካው በዚህ ይመስለኛል። የቀሩትን ሕጎች መሻር ይቻላል፤ «አስተዳደር» የሚለውን ቃል ስንሰማ በአእምሯችን የሚሣለውን ሥዕል መሻር ግን ይከብዳል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን የማንኛውንም አገር የአካባቢ አስተዳደር ሲመረምሩ በሕጉ መግቢያ ላይ በተጻፈው እንዳይረኩ ሦስት ጥያቄዎችን እተውላችኋለሁ። የአካባቢውን ሹም ማን ይሾመዋል፣ ማንስ ይሽረዋል? የሚያስተዳድረው ገንዘብ በማን ውሳኔ ይመጣል፣ በማን ውሳኔስ ይቋረጣል? ሹሙ ሲያጠፋ ሕዝቡ ከዚያው ከሹሙ አለቃ ሌላ አቤት የሚልበት በር አለው ወይ? የ1902ቱን ቺፍ በእነዚህ ብንመዝነው ሦስቱም መልሶች ወደ ላይ ያመለክታሉ። የዛሬውን ቺፍ ብንመዝነው ሦስተኛው ተሻሽሏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሁንም ወደ ላይ ያመለክታሉ። የካውንቲውን አገረ ገዢ ብንመዝነው የመጀመሪያው ወደ ሕዝቡ ዞሯል፤ ሁለተኛው ገና በየዓመቱ ከናይሮቢ ጋር የሚያሟግት ነው። ኬንያውያን ከሰንደቅ ዓላማው ቀጥሎ የጀመሩት ሁለተኛው የነጻነት ሥራ ይህ ነው፤ አላለቀም።

 ለጥያቄዎቻችሁና ለተቃውሞዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ።